ከኮልፌ እስከ ኢናንዳ፦ የተሸናፊው ድምፅ ወዴት ይሄዳል?

በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ በኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠራዊት ሰፈር፣ ከሩቅ አገር የመጡ አንድ እንግዳ የወታደርነት ትምህርት ይከታተሉ ነበር። እንግዳው አርባ አራት ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ የሕግ ባለሙያ ነበሩ። በዚያ ሰፈር የጠመንጃና የሽጉጥ ተኩስን፣ የፈንጂ አያያዝን፣ ስንቅና መሣሪያ ተሸክሞ ረጅም መንገድ መጓዝን ተማሩ። ትምህርቱ ስድስት ወር እንዲፈጅ የታሰበ ቢሆንም፣ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ከድርጅታቸው በደረሳቸው ቴሌግራም ወደ አገራቸው ተጠሩ። ሲሰናበቱም ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት በስጦታ አበረከቱላቸው። እንግዳው ኔልሰን ማንዴላ ነበሩ።

የማንዴላ የኮልፌ ቆይታ ዘወትር የሚነሣው ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ነጻነት ያደረገችውን አስተዋጽኦ ለማውሳት ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ለምርጫ ታሪክም የሚሰጠው ትምህርት አለው። እኒህ ጠበቃ ፍርድ ቤቱን ትተው ተኩስ ለመማር ኮልፌ ድረስ የመጡት፣ በገዛ አገራቸው ድምፅ የመስጠት መብት የተነፈጉ በመሆናቸው ነበር። የድምፅ መስጫ ወረቀት በእጃቸው የገባው ከ32 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚህ ዓመታትና ከዚያም ወዲህ የኮልፌ ነዋሪ ደግሞ በልዩ ልዩ መንግሥታትና ሕጎች ሥር ድምፁን ሰጥቷል። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አድርጎ ለሚመለከት ሰው፣ ምርጫ ከአገር አገር በምን እንደሚለያይ ጥሩ መማሪያ ይሆኑታል።

በመጀመሪያ እይታ ልዩነቱ የቀንና የመሣሪያ ይመስላል። አሜሪካኖች በኅዳር ወር ማክሰኞ የሚመርጡት እ.ኤ.አ. በ1845 በወጣ ሕግ ሲሆን፣ ገበሬው እሑድን በጸሎት ውሎ ሰኞን ለመንገድ እንዲያውለው ታስቦ ነው። እንግሊዞች ሐሙስን ለምደዋል። አውስትራሊያውያን ቅዳሜ ይመርጣሉ፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ መራጭም መቀጫ ይከፍላል። በኢትዮጵያ ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ሲውል፣ በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተደረገው ግን ሰኞ ነበር። ጋምቢያ ማንበብ የማይችለውን መራጭ በማሰብ የእጩዎች ሥዕል በተለጠፈባቸው በርሜሎች ውስጥ ብይ የሚጣልበትን ዘዴ ስትፈጥር፣ ኢትዮጵያ በወረቀቱ ላይ ከስሙ ጎን ምልክት በማተም ተመሳሳዩን ችግር አቃልላለች። እነዚህ ሁሉ በዓይን የሚታዩ ልዩነቶች ናቸው። ከሁሉ የሚከብደው ልዩነት ግን የሚገኘው ሣጥኑ ከተከፈተና ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ነው። ጥያቄውም፣ ላሸነፈው ያልተሰጠው ድምፅ ወዴት ይሄዳል? የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ ዓለም በዋናነት ሁለት መልሶችን ሰጥቷል። የመጀመሪያው የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው። በአንድ የምርጫ ክልል ሦስት እጩዎች ቀርበው ከመቶ መራጮች 34ቱ አንደኛውን፣ 33ቱ ሁለተኛውን፣ 33ቱ ሦስተኛውን ቢመርጡ፣ አንደኛው እጩ ወንበሩን ይዞ ይሄዳል፤ የ66ቱ ሰዎች ድምፅ በምክር ቤቱ ውስጥ ምንም ቦታ አያገኝም። ሁለተኛው ተመጣጣኝ ውክልና የሚባለው ሲሆን፣ በዚህኛው ወንበሮቹ ለፓርቲዎች የሚከፋፈሉት ባገኙት ድምፅ መጠን ነው። ከመቶ 33 ያገኘ ከመቶው ወንበር ወደ 33 ይደርሰዋል።

ይህ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ የደቡብ አፍሪካን የ1948 (እ.ኤ.አ.) ምርጫ ያስታውስ። በዚያ ምርጫ ብዙኃኑ ጥቁር ሕዝብ ከመራጭነት ውጭ ነበር። በነጮቹ ፓርቲዎች መካከል በተደረገው ውድድርም የጄኔራል ስመትስ ፓርቲ 49 በመቶ ገደማ ድምፅ ሲያገኝ፣ አፓርታይድን ዓላማው አድርጎ የተነሣው የዶክተር ማላን ፓርቲ ያገኘው 38 በመቶ አይሞላም ነበር። ነገር ግን ቆጠራው በየምርጫ ክልሉ በአብላጫ ድምፅ የሚወሰን በመሆኑና የገጠሩ ክልሎች በጥቂት መራጮች እንዲቋቋሙ ሕጉ ስለፈቀደ፣ ማላን 70 ወንበር፣ ስመትስ 65 ወንበር አገኙ። ማላንም 9 ወንበር ከያዘ አጋራቸው ጋር ሆነው መንግሥት መሠረቱ። ማንዴላን ከጥብቅና ሥራቸው አውጥቶ ወደ ኮልፌ ያደረሳቸው ሥርዓት ሥልጣን ላይ የወጣው በዚህ ዓይነት አቆጣጠር ነበር።

ማንዴላ ኮልፌ በነበሩበት ጊዜ አስተናጋጇ አገር ራሷ በምርጫ ጎዳና ላይ የጀማሪ እርምጃ ትራመድ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪችል ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በመኳንንትና በሹማምንት እንዲመረጡ አድርጎ ነበር። በጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን 21 ዓመት ለሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድ ሴት ሳይል፣ በምስጢርና በቀጥታ ድምፅ የመስጠት መብት አጎናጸፈ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መባቻ ሲካሄድ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው እንደራሴ ሆኑ፤ በኋላም ለምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትነት በቁ። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። እጩውም በምርጫ ክልሉ ውስጥ ሕጉ የሚጠይቀውን ያህል ሀብት ያለው መሆን ነበረበት። መራጩ ሰው ይመርጣል እንጂ በሐሳብና በሐሳብ መካከል የሚያማርጥበት ዕድል አልነበረውም። ያም ምክር ቤት በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ተዘጋ።

በዚሁ ዓመት በመጋቢት ወር፣ ለማንዴላ ሽጉጥ ያበረከቱት ታደሰ ብሩ በደርግ ትእዛዝ ተገደሉ። ከኮልፌ በኋላ እስከ ጄኔራልነት ማዕርግ ደርሰው፣ በሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ውስጥ ባደረጉት ተሳትፎ ምክንያት በንጉሡ ዘመን ታስረው ነበር። የአንድ ሰሞን አስተናጋጅና እንግዳ ሁለቱም በየአገራቸው ወኅኒ ወረዱ፤ እንግዳው ከ27 ዓመት እስራት በኋላ ወጥተው ለምርጫ ሲበቁ፣ አስተናጋጁ ለዚያ ዓይነት ቀን ሳይታደሉ ቀሩ።

በደርግ ዘመን የኮልፌ ነዋሪ በምርጫ ረገድ የሚያውቀው በመጀመሪያ ቀበሌውን ነበር። ቀበሌ የነዋሪውን መዝገብ ይይዛል፣ ስብሰባ ይጠራል፣ በኅብረት ሱቅ በኩል ራሽን ያድላል። ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲሱ ሕገ መንግሥት ላይ ሪፈረንደም ሲደረግ፣ መምረጥ ከሚችለው 14 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ 96 በመቶው ድምፅ መስጠቱ፣ 81 በመቶው መደገፉ፣ 18 በመቶው መቃወሙ፣ 1 በመቶው ዋጋ አልባ መሆኑ ተገለጸ። ራሽኑ በቀበሌ እጅ በነበረበት በዚያ ጊዜ ከመቶ 18 ሰው “አልደግፍም” ማለቱ በይፋ መነገሩ እስከ ዛሬ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ሆኖም ያ ተቃውሞ የሚቀመጥበት ወንበር አልተዘጋጀለትም። በሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ በተደረገው ምርጫም እጩዎቹን ያቀረቡት ፓርቲው፣ ብዙኃን ማኅበራትና የሠራዊቱ ክፍሎች ነበሩ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 1994 የ75 ዓመቱ ማንዴላ በደርባን ከተማ አጠገብ በኢናንዳ በሚገኘው የኦህላንጌ ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራቸው ምርጫ ድምፅ ሰጡ። ቦታውን የመረጡት የድርጅታቸው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የጆን ዱቤ መቃብር በዚያ ስለሚገኝ ነበር። ምርጫው ከአንድ ቀን በላይ ፈጅቶ፣ በአንዳንድ አካባቢዎች እስከ አራተኛው ቀን ዘለቀ። የተሟላ የመራጮች መዝገብ ስላልነበረ፣ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመርጥ በልዩ ብርሃን ካልሆነ በቀር የማይታይ ቀለም በእጁ ላይ ይደረግበት ነበር። በወረቀቱ ላይ ከፓርቲው ምልክት ጎን የመሪው ፎቶግራፍ ታትሟል። ወደ 19.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መረጠ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን አቆጣጠሩ ነው። የማንዴላ ድርጅት በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ቢወዳደር ኖሮ፣ ከነበረው ድጋፍ የተነሣ የአገሪቱን አብዛኞቹን የምርጫ ክልሎች ጠቅልሎ ሊወስድ ይችል ነበር። ነገር ግን ተደራዳሪዎቹ በተመጣጣኝ ውክልና ተስማሙ። ውጤቱም ለማንዴላ ድርጅት 62.65 በመቶ ድምፅና ከ400 ወንበሮች 252 ሆነ። የቀድሞው ገዥ ፓርቲ 82፣ ኢንካታ 43 አገኙ። ከመቶ ግማሽ እንኳ ያልሞላ ድምፅ ያገኘ አንድ ትንሽ ፓርቲ ሁለት ወንበር ደረሰው። በሽግግሩ ሕግ መሠረትም 20 ወንበርና ከዚያ በላይ ያገኘ ፓርቲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የመግባት መብት ስለነበረው፣ የተሸነፉት መሪዎች በአሸናፊው መንግሥት ውስጥ ተቀመጡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ በግንቦት 28 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ የኮልፌ ነዋሪም ከመላው አገሪቱ ሕዝብ ጋር ለሕገ መንግሥት ጉባኤ አባላትን መረጠ። ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚ ድርጅቶች ግን ራሳቸውን ከውድድሩ አግልለው ነበር። ጉባኤው በኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ያጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ እጩ በሚያሸንፍበት ሥርዓት እንዲመረጡ ደነገገ። የምክር ቤቱ ወንበሮች 547 ሲሆኑ የአዲስ አበባ ድርሻ 23 ሆነ።

ይህ ድንጋጌ በከተማይቱ ምን ያህል እንደሚሠራ የታየው በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ እሑድ የአዲስ አበባ መራጭ ጎሕ ሳይቀድ ተሰልፎ ካርዱን በእጁ ይዞ ተራውን ሲጠብቅ ዋለ፤ በብዙ ጣቢያም ድምፅ መስጠቱ እስከ ሌሊት ቀጠለ። ቅንጅት 23ቱንም ወንበሮች አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የከተማይቱ ሕዝብ አይረሳውም። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን አረጋገጠ። ከተመራጮቹ ብዙዎቹ ወደ ምክር ቤት ሳይገቡ ቀሩ፤ የፓርቲው መሪዎች ታሰሩ፤ ከተማይቱም በባለ አደራ አስተዳደር ሥር ዋለች።

በግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ፣ በዚያው ከተማና በዚያው ሕግ፣ ኢሕአዴግ ከ23ቱ ወንበሮች 22ቱን ወሰደ። ለተቃዋሚው መድረክ የተረፈችው አንዲት ወንበር ነበረች። በ1997ቱ ምርጫ በአዲስ አበባ ኢሕአዴግን የመረጡ ሰዎች ነበሩ፤ በ2002ቱም ተቃዋሚውን የመረጡ ብዙ ሰዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ጊዜ የነዚያ፣ በሁለተኛው ጊዜ የነዚህ ድምፅ በከተማይቱ ውክልና ውስጥ ጠፋ፣ ወይም ወደ መጥፋት ተቃረበ። የ2002ቱ ምርጫ ስለ ነጻነቱና ስለ ፍትሐዊነቱ ብርቱ ክርክር የተነሣበት ነው፤ አቆጣጠሩ ብቻውን ሁሉን አይገልጽም። ቢሆንም በከተማይቱ የአንዱን ወገን ድል ፍጹም፣ የሌላውን ሽንፈት ባዶ እያደረገ ያሳየው፣ በሁለቱም ጊዜ ያው አንድ ደንብ ነበር።

ተመጣጣኝ ውክልናም ቢሆን ነቀፋ የሌለበት አይደለም። በደቡብ አፍሪካ መራጩ በአብዛኛው ፓርቲ እንጂ ሰው ስለማይመርጥ፣ የሰፈሩን ችግር ይዞ የሚሄድበትን የራሱን እንደራሴ ለይቶ አያውቅም። ተመራጩም በዝርዝሩ ላይ ስሙን ያሰፈረለትን ፓርቲ ከሕዝቡ አብልጦ ይፈራል። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ግን የኮልፌ ነዋሪ ቢያንስ የሚጠይቀውን ሰው በስም ያውቀዋል። ስለዚህ አንዳንድ አገሮች ሁለቱን አቀላቅለው መሥራትን መርጠዋል። በኢትዮጵያም በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለሁለቱ ምክር ቤቶች ባሰሙት የመክፈቻ ንግግር የተመጣጣኝ ውክልና አሠራር በሕጉ እንዲጨመር መታሰቡን ገልጸው ነበር። ሐሳቡ ግን በሥራ ላይ ሳይውል የ2013ቱ ምርጫ በቀድሞው ሥርዓት ተካሄደ።

የምርጫን ሕግ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ አሸናፊው ነው። ጥበቡ ያለው፣ ተሸናፊ የሚሆንበትን ቀን አስቦ መጻፉ ላይ ነው። የማንዴላ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው ምርጫ ድምፁ ወደ 40 በመቶ ዝቅ ሲል፣ ያገኘው ከ400 ወንበሮች 159 ብቻ ነበር። ለ30 ዓመታት ብቻውን አብላጫውን ይዞ የኖረው ድርጅት ከተቀናቃኞቹ ጋር መንግሥት ለመመሥረት ተገደደ፤ ነገር ግን ከምክር ቤቱ አልጠፋም፣ ደጋፊዎቹም ወኪል አላጡም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፣ ቁናውን ገና በብርታቱ ዘመን አስተካክሎ ማስቀመጡ ለራሱም ጠቀመው።

የማኅበራችን አባላትም በየጉባኤያቸው እጅ አውጥተው ወይም ወረቀት ጽፈው አመራር ሲመርጡ፣ ይህንኑ ጥያቄ በትንሹ ይጋፈጣሉ። በጉባኤው ያሸነፈው ማን እንደሆነ በዚያው ምሽት ይታወቃል። ያልተመረጠው ሐሳብ የሚደመጥበት ቦታ ማግኘቱ ግን ከምሽቱ በኋላ ባሉት ወራት የሚታይ ነው። ማንዴላን ኮልፌ ያደረሳቸውም ይህ ቦታ ለሕዝባቸው በመታጣቱ ነበር።