ዓባይ አደንቁሮን ይሆን?

እኛ የሐሙሲት ልጆች የደራ ሰዎች ነን፤ በደቡብ በኩል ወሰናችን ዓባይ ነው፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴም እዚያው ወሰናችን ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ነገሩ ያገባናል። ለካስ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ የዓባይ ፏፏቴ ጎረቤት ደንቆሮ ነው ተብሎ ሲጻፍ ኖሯል!

ካስወሩት አንዱ ሮማዊው ሲሴሮ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ51 ገደማ በወጣ መጽሐፉ፣ ሰማያት ሲዞሩ ታላቅ ድምፅ ያሰማሉ፣ ጆሯችን ግን በዚያው ድምፅ ተሞልቶ ስለደነቆረ አይሰማውም ይለናል። ምሳሌ ያደረገው ማንን መሰላችሁ? ዓባይ ከተራራ በሚወርድበት የሚኖሩትን ሰዎች። እርግጥ እሱ ካታዱፓ ያለው ቦታ ወደ ግብፅና ኑቢያ ነው፤ ወሬው ግን ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ እኛ ዘንድ ደረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1625 የመጣው ፖርቱጋላዊ ጀስዊት ጀሮኒሞ ሎቦ (የመጣበት ጉዳይ ብዙ ደም ያፋሰሰ ቢሆንም) አንድ ደግ ነገር ሠራ፤ ፏፏቴው ዘንድ ሄዶ ሰዉን አነጋገረ። ሰሙት፣ ሰማቸው፣ አለቀ። ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ በመግቢያው ይህንኑ አንስቶ አመስግኖታል። በ1770 የመጣው ጄምስ ብሩስ ሎቦን ውሸታም ብሎታል፤ ጠቡ ግን ከሚወርደው ውሃ ጀርባ መቀመጥ ይቻላል አይቻልም በሚል ነበር።

የሲሴሮ ጥያቄ ግን አልሞተም። የማንሰማው ድምፅ ጆሮ ይጎዳል? የምንሰማው በግምት ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ነው፤ ፏፏቴ ከ20 በታችም ያጉረመርማል። በ2014 የሙኒክ ተመራማሪዎች 30 ሄርዝ፣ ማለትም የመስሚያችን ወለል አጠገብ ያለ ድምፅ፣ ለ21 ሰዎች ለ90 ሰከንድ ቢለቁባቸው የውስጥ ጆሯቸው ለደቂቃዎች ከወትሮው ወጣ አለ። ከዚያ ተመለሰ። ከ20 በታች ያለው እንዲጎዳ እጅግ ኃይለኛ መሆን አለበት፣ ሮኬት ሲተኮስ አጠገቡ እንደመቆም። ከ20,000 በላይ ያለው ደግሞ፣ እንደ ሌሊት ወፍ ጩኸት፣ አየር ላይ ቶሎ ይከስማል።

የሚያደነቁረውስ የምንሰማው ነው፦ 85 ዴሲቤል፣ በቀን 8 ሰዓት፣ ለዓመታት። ጫራ ጫራ ግድብ በ1996፣ ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ በ2001 ከተሠሩ ወዲህ ውሃው ስለሚጠለፍ ፏፏቴው በበጋ ድምፁ ሳስቷል። ወፍጮ ቤታችን ግን አልሳሳም። እስቲ እህል ስታስፈጩ ባለወፍጮውን "ስንት ነው?" በሉትና ስንቴ እንደምትደግሙለት ቁጠሩ።