ኦስቴሪያ ፍራንቼስካና

ኦስቴሪያ ፍራንቼስካና በሰሜን ጣልያን፣ በኤሚሊያ-ሮማኛ ክልል፣ በሞዴና ከተማ የሚገኝ ምግብ ቤት ነው። የከፈተው ሼፍ ማሲሞ ቦቱራ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1995 ነው። ምግብ ቤቱ ከሚሽለን መመሪያ ሦስት ኮከብ አግኝቷል። «የዓለም 50 ምርጥ ምግብ ቤቶች» በተባለው ዝርዝርም በ2016 እና በ2018 እ.ኤ.አ. አንደኛ ወጥቷል። ቤቱ በተለይ የሚታወቀው ምግብን እንደ ሥዕል ሁሉ የሠሪው ትዝታና ሐሳብ መግለጫ አድርጎ በማቅረቡ ነው።

አመሠራረት

ቦቱራ እ.ኤ.አ. በ1962 በሞዴና ተወለደ። የሕግ ትምህርቱን አቋርጦ በ1986 ከከተማው ወጣ ብሎ የምትገኝ አነስተኛ ምግብ ቤት ገዛ። በኋላም በሞናኮ በአሌን ዱካስ፣ በስፔን ደግሞ በፌራን አድሪያ ማዕድ ቤት ሠርቷል። ከዘመናዊ ሥነ ጥበብ ጋር ይበልጥ ያቀራረበችው አሜሪካዊቷ ባለቤቱ ላራ ጊልሞር ናት።

ከባህል ጋር የተነሣው ክርክር

ቶርቴሊኒ በሥጋ የሚሞላ ትንሽ ፓስታ ነው። በሞዴና ቤተሰቦች ዘንድ በመረቅ ተሞልቶ በማንኪያ እየተዛቀ ይበላል። ቦቱራ ልጅ ሳለ ከጠረጴዛ ሥር ተደብቆ የአያቱን ጥሬ ቶርቴሊኒ ይሰርቅ እንደነበር ይናገራል። ይሁን እንጂ በምግብ ቤቱ ስድስት ቶርቴሊኒ ብቻ በሰልፍ ደርድሮ ሲያቀርብ የከተማው ሰዎች የእናቶቻቸውን ሙያ እንደመናቅ ቆጠሩት። የእሱ ሐሳብ ግን ሰው ከልማድ ብዛት ሳያስተውል የሚውጠውን እያንዳንዷን ፍሬ እንዲያጣጥም ማድረግ ነበር። ባህልን መውደድ እንዳለ መድገም ነው ወይስ እንደገና መመርመር የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የቤቱ ዋና መለያ ነው።

ታዋቂ ምግቦች

አምስቱ የፓርሚጃኖ ዕድሜዎች፦ አንድ ዓይነት ፎርማጆ ብቻ፣ ከ24 እስከ 50 ወር በቆየባቸው አምስት ዕድሜዎች፣ በአምስት ዓይነት አሠራር ይቀርባል። ከእነዚህም መካከል ስስ ክሬም፣ አረፋና ደርቆ የሚንኮሻኮሽ ቂጣ ይገኛሉ። ምግቡ ጊዜ ራሱ ቅመም መሆኑን ያሳያል።

የላዛኛው የሚንኮሻኮሽ ክፍል፦ ልጆች የሚሻሙበትን፣ በምድጃ የጠበሰውን የላዛኛ ጠርዝ ብቻ ለይቶ የሚያቀርብ ነው።

«ውይ! የሎሚ ኬኩ ወደቀብኝ»፦ ምክትል ሼፉ ታካሂኮ ኮንዶ አንድ የሎሚ ኬክ ጥሎ ሰበረ። ቦቱራ ስብርባሪውን ከመጣል ይልቅ ውበት አየበት። ከዚያ ወዲህ ኬኩ ሆን ተብሎ ተሰብሮ ይቀርባል።

ከምግብ ቤቱ ውጭ

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 ኤሚሊያን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የፓርሚጃኖ መጋዘኖችን ስላፈረሰ እጅግ ብዙ ፎርማጆ ተጎዳ። ቦቱራ በፓስታ ፈንታ ሩዝ በፓርሚጃኖና በቁንዶ በርበሬ የሚሠራበት ሪዞቶ አወጣ። አሠራሩ ቀላል በመሆኑ በየአገሩ ያሉ ሰዎች የተጎዳውን ፎርማጆ ገዝተው በየቤታቸው አበሰሉት፤ ይህም አምራቾቹን ከኪሳራ ለማዳን ረዳ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ፣ በሚላን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ወቅት፣ በከተማዋ በነበረ የተተወ ቲያትር ቤት ውስጥ «ሬፌቶሪዮ አምብሮዚያኖ» የተባለ የምገባ አዳራሽ ተከፈተ። እዚያ ስመ ጥር ሼፎች ሊጣል የነበረውን ምግብ አብስለው ለችግረኞች አቀረቡ። በተሰበረ ኬክ ላይ የታየው ሐሳብ፣ ማለትም የወደቀውን ነገር ዋጋ እንዳለው አድርጎ ማንሣት፣ በዚህ ሥራ ለብዙ ሰው ማዕድ ሆኗል።