«ምን አገባችሁ?» የተባሉት ከሳሾች
የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ሙግትና ያስከተለው የሕግ ለውጥ

በቀድሞው የኢትዮጵያ የሙግት ባህል ሁለት ልማዶች ታላቅ ስፍራ ነበራቸው። አንደኛው፣ ተሟጋቾች በመንገድ ያገኙትን መንገደኛ አቁመው ዳኝነት ሲጠይቁት፣ «አይመለከተኝም» ብሎ ማለፉ እንደ ነውር የሚቆጠር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በደል ሲፈጸም ያየ ሰው፣ የተበዳዩ ዘመድ ባይሆንም እንኳ፣ «በሕግ አምላክ!» ብሎ በዳዩን ለማስቆም መቻሉ ነው። የሁለቱም ልማዶች መሠረት አንድ ነው፤ ሕግ ሲጣስ የሚበደለው አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ማኅበረሰቡ በሞላ ነው የሚል አስተሳሰብ ነው።

ይህ መብት በመንግሥታት መካከል አለን? በሩቅ አገር የሚኖር ሕዝብ ሲበደል፣ ጉዳቱ በቀጥታ ያልደረሰበት መንግሥት በዳዩን ከዳኛ ፊት ለማቆም ይችላልን? በዓለም አቀፍ ሕግ ሊቃውንት ዘንድ ዛሬም እጅግ ከሚያከራክሩት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። የክርክሩ ዋነኛ ምንጭ ደግሞ ኢትዮጵያ ከሳሽ ሆና የቀረበችበትና በሽንፈት የወጣችበት አንድ ሙግት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ ናሚቢያ የምትባለው ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ በ1884 በጀርመን ቅኝ አገዛዝ ሥር ወደቀች። ከ1904 እስከ 1908 ድረስ የሄሬሮና የናማ ሕዝቦች በጀርመን ጦር ተጨፈጨፉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1915፣ የደቡብ አፍሪካ ጦር አገሪቱን ያዘ፤ በ1920 ደግሞ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ደቡብ አፍሪካ በሞግዚትነት እንድታስተዳድራት ሰጣት። የማኅበሩ ቃል ኪዳን በ22ኛው አንቀጽ፣ እንዲህ ባሉ አገሮች የሚኖሩትን ሕዝቦች ደኅንነትና እድገት መጠበቅን ቅዱስ አደራ ብሎ ሰይሞት ነበር። ማኅበሩ በ1946 ሲፈርስ ግን የፕሪቶሪያ መንግሥት አገሪቱን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቁጥጥር ሥር ለማዋል እንቢ አለ፤ የአፓርታይድንም ሥርዓት ዘረጋባት። በአማርኛ እንዲህ ያለው ሞግዚት ስሙ አደራ በላ ነው።

በሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1950 ዓ.ም. በሰጠው አስተያየት፣ የሞግዚትነቱ ግዴታ ከማኅበሩ ጋር እንዳልሞተ ገልጾ ነበር። ነገር ግን ምክር ምክር ነው፤ ተቀባዩን አያስገድድም። የሚያስገድድ ፍርድ ለማግኘት ከሳሽ አስፈለገ። በሞግዚትነቱ ሰነድ 7ኛ አንቀጽ መሠረት ደግሞ ክስ ለማቅረብ የሚችለው የፈረሰው ማኅበር አባል የነበረ መንግሥት ብቻ ነበር። በ1960 አካባቢ ነፃነታቸውን የተቀዳጁት የአፍሪካ አገሮች ይህ መብት አልነበራቸውም። ላይቤሪያ ግን ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ነበረች፤ ኢትዮጵያም በ1923 አባል ሆናለች። ስለዚህ በሰኔ 1960 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰበው ሁለተኛው የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ የሁለቱን አገሮች ውጥን ደገፈ፤ ኖቬምበር 4 ቀን 1960 ክሱ በሄግ ተመዘገበ።

በዚህ ውስጥ መራራ የታሪክ ምፀት አለ። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ያ ማኅበር አባሉን ለማዳን አልቻለም፤ በ1936 በወራሪዋ ላይ የተጣለውን የኢኮኖሚ ማዕቀብ እንኳ አነሣ። ኢትዮጵያ ለራሷ ያልጠቀማትን የአባልነት መብት፣ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ለሌላ አፍሪካዊ ሕዝብ መሣሪያ አድርጋ አነሣችው።

የመጀመሪያው ዙር ለከሳሾች ተስፋ የሰጠ ነበር። ዲሴምበር 21 ቀን 1962 ፍርድ ቤቱ የደቡብ አፍሪካን መቃወሚያ በ8 ድምፅ ለ7 ውድቅ አድርጎ፣ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ከዚያም የቃል ክርክሩ የ1965ን አብዛኛውን ክፍል ወሰደ። የተከሳሽ ጠበቆች አፓርታይድን ለየሕዝቡ የሚበጅ የተናጠል እድገት ነው እያሉ ምስክር ከምስክር አከታተሉ። የከሳሾች ወገን ደግሞ ክሱን በተከሳሽ በራሷ ሕጎችና አዋጆች ላይ መሠረተ፤ ሰውን በቆዳው ቀለም ለይቶ መብቱን የሚወስን ሕግ፣ አውጪው ስለ ዓላማው ምንም ቢል፣ አደራን ማፍረስ ነው ሲል ተከራከረ።

ጁላይ 18 ቀን 1966 ፍርዱ ተነበበ። በዚያን ጊዜ ግብፃዊው ዳኛ ባዳዊ ሞተዋል፤ የፔሩው ቡስታማንቴ ታመዋል፤ ፓኪስታናዊው ዛፍሩላ ካንም በችሎቱ አልተቀመጡም። የቀሩት ዳኞች ሰባት ለሰባት ተከፈሉ። ሚዛኑን ያጋደለው የፕሬዚዳንቱ፣ የአውስትራሊያዊው የሰር ፐርሲ ስፔንደር፣ ተጨማሪ ድምፅ ነበር። ውሳኔውም ከሳሾቹ በጉዳዩ ውስጥ የራሳቸው ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም እንዳላቸው አላስረዱም የሚል ሆነ። ማንኛውም የማኅበረሰብ አባል ለሕዝብ ጥቅም ሲል ሊከስ የሚችልበት ሥርዓት በአንዳንድ አገሮች ሕግ ቢኖርም፣ ዓለም አቀፍ ሕግ እስከዚያ ጊዜ ድረስ አያውቀውም ተባለ። ቃሉ በአማርኛ ቢጨመቅ «ምን አገባችሁ?» ማለት ነበር። አፓርታይድ ከአደራው ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚለው ዋናው ጥያቄ ከስድስት ዓመት ሙግት በኋላ ሳይነካ ቀረ።

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ። በሄግ የሆነውም ይኸው ነው፤ ከሳሾቹን ያስቆጣው ክርክራቸው ተመዝኖ መቅለሉ ሳይሆን ሚዛን ላይ ሳይወጣ መመለሱ ነበር።

የዳኞቹ አከፋፈል ራሱ ሊጤን የሚገባው ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት በዚያ ዘመን አሜሪካዊው ጄሰፕና የሶቪየት ኅብረቱ ኮሬትስኪ በአንድነት ውሳኔውን ተቃወሙ፤ የፖላንዱ ቪኒያርስኪ ደግሞ ከእንግሊዙና ከፈረንሳዩ ዳኞች ጋር ወሳኙን ወገን ደገፉ። የሴኔጋሉ ፎርስተር፣ ከሳሾቹ የመረጧቸው ናይጄሪያዊው ሰር ሉዊስ ምባኔፎ፣ የሜክሲኮው ፓዲያ ኔርቮ፣ የቻይናው ዌሊንግተን ኩና የጃፓኑ ታናካ ከተቃዋሚዎቹ መካከል ነበሩ። በተለይ የታናካ የልዩነት ሐሳብ፣ የሰው ልጅ እኩልነት የሕግ መርሕ መሆኑን፣ ሰውን ከሰው መለየት የሚፈቀደውም ፍትሐዊና ምክንያታዊ ሲሆን ብቻ እንደሆነ፣ ዘር ብቻውን ግን እንዲህ ያለ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል የተነተነ በመሆኑ ዛሬም በሕግ ትምህርት ቤቶች ይነበባል።

የሄግ በር ቢዘጋም ታሪክ አልቆመም። ፍርዱ በተሰጠ በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ ኦገስት 26 ቀን 1966፣ የስዋፖ ታጋዮች በኦሙጉሉግዎምባሼ ከደቡብ አፍሪካ ኃይሎች ጋር ተዋጉ። ኦክቶበር 27 ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ114 ድምፅ ድጋፍ፣ በ2 ተቃውሞና በ3 ድምፀ ተአቅቦ የሞግዚትነቱን ሥልጣን ሻረ። የፍርድ ቤቱም ክብር በአፍሪካና በእስያ ፊት ክፉኛ ተጎዳ።

ፍርድ ቤቱ ራሱም ቢሆን ብዙ አልቆየም። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1970፣ ቤልጅግና ስፔን ስለ አንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ባለ አክሲዮኖች ባደረጉት ክርክር፣ ከጉዳዩ ወጣ ብሎ አንድ ታላቅ ቃል ተናገረ። መንግሥታት አንዱ ለአንዱ ካለበት ግዴታ ሌላ፣ ለዓለም ማኅበረሰብ በሞላ የሚኖርባቸው ግዴታ አለ፤ ወረራ፣ ዘር ማጥፋት፣ ባርነትና የዘር መድልዎ ከዚህ ይመደባሉ፤ ይህም ግዴታ ሲከበር ማየት ለሁሉም ሕጋዊ ጥቅሙ ነው አለ። ብዙ ሊቃውንት ይህን ቃል ለ1966ቱ ፍርድ እንደ ካሣ ያዩታል። ጁን 21 ቀን 1971 በሰጠው አስተያየትም ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየቷ ሕገ ወጥ መሆኑን ገለጸ። ናሚቢያ ማርች 21 ቀን 1990 ነፃነቷን ተቀዳጀች።

የ1970ው ቃል በተግባር ለመፈተን ግን ብዙ ዓመት ወሰደ። በ2012 ቤልጅግ በቀድሞው የቻድ ገዢ በሂሴን ሐብሬ ጉዳይ ሴኔጋልን ከስሳ ስትረታ፣ ማሠቃየትን የሚከለክለው ስምምነት አባል የሆነ ሁሉ ስምምነቱ እንዲከበር ለመጠየቅ እንደሚችል ፍርድ ቤቱ አስታወቀ። በኖቬምበር 2019 ትንሿ ጋምቢያ ስለ ሮሂንጊያ ሕዝብ ስትል ምያንማርን በዘር ማጥፋት ስምምነት መሠረት ከሰሰች። የምያንማር ጠበቆችም ያንኑ የጥንት ጥያቄ አነሡ፤ ስደተኞቹ የጎረፉት ወደ ባንግላዴሽ ሆኖ ሳለ፣ ከምዕራብ አፍሪካ ዳር የመጣችው አገር ምን አገባት? ፍርድ ቤቱ ጁላይ 22 ቀን 2022 በ15 ድምፅ ለ1 መቃወሚያውን ጣለ። ከአዲስ አበባው ውጥን ስድሳ ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዲሴምበር 2023 ደግሞ በጋዛ ጦርነት ሳቢያ እስራኤልን በዚያው ስምምነት መሠረት የከሰሰችው ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ዘር ማጥፋት ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም የሚለውን ሳይወስን፣ ፍርድ ቤቱ ጃንዋሪ 26 ቀን 2024 ጊዜያዊ የጥበቃ ትእዛዝ ሰጠ፤ ለከሳሽነቷም በመነሻው ደረጃ በቂ መሠረት አገኘ። በ1966 «ምን አገባችሁ?» በሚለው ጋሻ የተከለለችው አገር፣ አገዛዟ ከተለወጠ በኋላ፣ ያ ጋሻ በመሰበሩ ተጠቃሚ ሆነች።

ይህ ማለት ክርክሩ አብቅቷል ማለት አይደለም። በ2022 ብቻቸውን የተቃወሙት ቻይናዊቷ ዳኛ ሹዌ ሃንቺን፣ በሁሉም ዘንድ የጋራ ጥቅም መኖሩና የመክሰስ መብት መኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ይላሉ። የፍርድ ቤቱ ሥልጣን ዛሬም በመንግሥታት ፈቃድ ላይ የቆመ ነው፤ በ1995 ስለ ምሥራቅ ቲሞር በተነሣው ክስ፣ መብቱ የሁሉም ቢሆንም ኢንዶኔዥያ በሌለችበት መወሰን አይቻልም ተብሎ ፖርቱጋል ተመልሳለች። ማን ይከሰሳል፣ ማንስ ይታለፋል የሚለውንም የሚመርጠው ሕሊና ብቻ ሳይሆን ፖለቲካም ጭምር ነው። ከሁሉም በላይ ፍርድ ቤቱ ጦር የለውም፤ ፍርዱ ካልተፈጸመ ጉዳዩ የሚሄደው የድምፅን በድምፅ የመሻር መብት ወደነገሠበት ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ነው።

እንዲህም ሆኖ፣ ታሪክን ለሚያስተምርም ሆነ በመድረክ ለሚያሳይ ሁሉ ይህ ሙግት ትምህርት አለው። የ1960ዎቹ ከሳሾች ያነሡት ጥያቄ መልስ ያገኘው በሌሎች ከሳሾች ስም ነው፤ በኢትዮጵያና በላይቤሪያ ስም የተመዘገበው መዝገብ ዛሬም እንደተረቱ ይናገራል። ጋምቢያ በሄግ በቆመችበት ቀን የተነሣው ክርክር ግን በዚያ መዝገብ ውስጥ፣ በተሸነፉት ሰባት ዳኞች የልዩነት ሐሳብ ላይ፣ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር።