ፌኑዋ፦ መሬትም፣ የእንግዴ ልጅም

ሰሞኑን የኒውዚላንዷ ደራሲ ፓትሪሻ ግሬስ በ1986 ያሳተመችውን «ፖቲኪ» የተሰኘ ልብ ወለድ ሳነብ በየምዕራፉ የማላውቃቸው የማኦሪ ቃላት ገጠሙኝ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወደ መጨረሻው ገልብጬ መፍቻ ፈለግሁ፤ የለም። ይባስ ብሎ መጽሐፉ የሚዘጋው ባልተተረጎመ የማኦሪ ንግግር ነው። ደራሲዋ ዘንግታው አይደለም፤ የማኦሪ ቋንቋ በገዛ አገሩ እንደ ባዕድ እንዲቆጠር ስላልፈለገች ነው። በ1985 የቡከርን ሽልማት ያገኘው የኬሪ ሁልም «ዘ ቦን ፒፕል» ግን ከመጨረሻው የቃላት መፍቻ አለው። እንደ አንባቢ ሁልምን ባመሰግንም፣ ፍርዴ ወደ ግሬስ ያደላል።

«ፌኑዋ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። መዝገበ ቃላቱ «መሬት» ይላል፤ ቀጥሎም «የእንግዴ ልጅ»። እትብቴ የተቀበረበት እያለ አገሩን ለሚጠራ የአማርኛ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ማኦሪዎች የሕፃኑን የእንግዴ ልጅ በወገኖቹ መሬት ይቀብራሉ፤ ፌኑዋ ወደ ፌኑዋ ይመለሳል። «ሃፑ» ጎሣ ነው፤ እርጉዝ ማለትም ነው። «ፋናው» ቤተሰብ ነው፤ መወለድ ማለትም ነው። እንግዲህ በ«ፖቲኪ» ውስጥ የባሕር ዳርቻው ነዋሪዎች የባለሀብቶቹን ገንዘብ አንቀበልም ሲሉ፣ ፌኑዋን «መሬት» ብቻ ብሎ ያለፈ አንባቢ የዋጋ ክርክር የሚያነብ ይመስለዋል።

ቃልን በሌላ ቃል ተክቶ ማለፍ በዚያች አገር ምን ያህል እንዳስከፈለ ለማየት ወደ 1840 መመለስ ያስፈልጋል። የብሪታንያ ንግሥት ወኪል ካፒቴን ሆብሰን ከማኦሪ አለቆች ጋር የሚፈራረሙበትን የዋይታንጊ ውል ሚሲዮናዊው ሄንሪ ዊሊያምስ ከልጁ ጋር ሆኖ በአንድ ሌሊት ወደ ማኦሪ ቋንቋ መለሰው። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አለቆቹ ሉዓላዊነታቸውን ለንግሥቲቱ ያስረክባሉ ይላል። ዊሊያምስ ለዚህ የመረጠው ቃል «ካዋናታንጋ» ነበር፤ «ካዋና» ከእንግሊዝኛው «ገቨርነር» የተወረሰ ነው። በማኦሪው መጽሐፍ ቅዱስ ካዋና የተባለው ማን ነው ቢሉ፣ ጲላጦስ ነው! ለአለቆቹ ተጠብቆ እንዲኖር በሁለተኛው አንቀጽ የተጻፈው ደግሞ «ራንጋቲራታንጋ» ነው፤ ይኸውም በአባታችን ሆይ ጸሎት «መንግሥት» የተተረጎመበት ቃል ነው። ከ500 በላይ አለቆች ፈረሙ፤ ከእነርሱ የእንግሊዝኛውን የፈረሙት ከ40 አይበልጡም። የጲላጦስን ሹመት ፈቅደው መንግሥታቸውን ያስቀሩ መስሏቸው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። እኛ በ1889 የተፈረመውን የሁለት ቋንቋ ውል ክርክር በ1896 ዓድዋ ላይ ዘጋነው። ማኦሪዎች ግን በ1860ዎቹ ቢዋጉም አልቀናቸውም፤ በ1863 በወጣ ሕግ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ተወረሰባቸው። በልብ ወለዶቻቸው «ራውፓቱ» የሚለውን ቃል ያገኘ አንባቢ ይህን ውርስ ያስታውስ።

ከመሬቱ በኋላ ተራው የቋንቋው ሆነ። የ1867ቱ የትምህርት ሕግ የማኦሪ ልጆች በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ደነገገ፤ በትምህርት ቤት ግቢ የእናታቸውን ቋንቋ በመናገራቸው የተገረፉ ሽማግሌዎች ምስክርነታቸውን ሰጥተዋል። ከዚህ የተነሣ የግሬስን መጽሐፍ ሲያነቡ መዝገበ ቃላት የሚያሻቸው እንደ እኔ ያሉ ባዕዳን ብቻ አይደሉም፤ ብዙ ማኦሪዎችም ናቸው። ለግሬስ ያደላሁበትን ፍርድ የሚፈታተነኝ ይህ ነው። መፍቻ መንፈግ ቋንቋውን በግርፋት የተነጠቀውንም ሰው ከደጅ አያቆምምን?

መልሱን ያገኘሁት ከልብ ወለድ ውጭ ነው። በ1972 ከ30,000 በላይ ፊርማ የያዘ አቤቱታ ለፓርላማ ቀረበ፤ የጠየቁት ቋንቋቸው በትምህርት ቤት እንዲሰጥ ነበር። በ1982 «ኮሃንጋ ሬኦ»፣ ማለትም የቋንቋ ጎጆ፣ የተባሉት መዋዕለ ሕፃናት ተከፈቱ። አረጋውያን የተማሩት ልጆቻቸው ያጡትን ቋንቋ ለልጅ ልጆቻቸው ማስተማር ጀመሩ። ጉዳዩ ለዋይታንጊ ችሎት በቀረበ ጊዜ ደግሞ ያው የ1840 ውል ተገለጠ። የማኦሪው ጽሑፍ ለአለቆቹ ከሚጠብቅላቸው ነገሮች መካከል «ታኦንጋ» የሚል ቃል አለበት፤ የከበረ ሀብት ማለት ነው። ችሎቱም በ1986 ቋንቋውም ታኦንጋ ነው ሲል አስተያየቱን ሰጠ፤ በ1987 የማኦሪ ቋንቋ በሕግ ብሔራዊ የሥራ ቋንቋ ሆነ። «ፖቲኪ» የታተመው ቋንቋቸው በችሎት ፊት በቆመበት ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ ዓመት ከመጽሐፉ ኋላ መፍቻ ማያያዝ፣ ቋንቋው የእንግዳ ነው ብሎ ለተከራካሪው ወገን እንደ መመስከር በተቆጠረ ነበር።

መጽሐፉን እንደ ገና ጀምሬዋለሁ፤ መዝገበ ቃላቱን ከአጠገቤ አድርጌ።