የአንኮበሩ ተማሪ በአውሮፓ

ከጨፋ ሮቢት ወደ አዲስ አበባ ስትጓዙ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠል መንገድ አለ፤ አንኮበር ያደርሳል። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1932 እ.ኤ.አ. የተወለዱት እዚያ ነው።

በ1947 እ.ኤ.አ.፣ ገና ልጅ ሳሉ፣ የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ከጦርነት የወጣች አገር መሐንዲስ ትፈልግ ነበር። እርሳቸው ግን ተሰጥኦአቸው ሥዕል ነበርና ትምህርታቸውን ቀይረው በለንደን፣ በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ።

በ1954 እ.ኤ.አ. ተመልሰው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሥዕሎቻቸውን ለሕዝብ አሳዩ። ከዚያ እንደገና ወጥተው ሁለት ዓመት ያህል ጣሊያንን፣ ፈረንሳይን፣ ስፔንን፣ ፖርቱጋልንና ግሪክን ዞሩ። በመስታወት የመሣልን ሙያም ያዙ።

ልብ በሉ! በዚያ ጉዞ ያጠኑት የአውሮፓን ጥበብ ብቻ አልነበረም። በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን ባለ ሥዕል የኢትዮጵያ ብራናዎችም መረመሩ። የአባቶችን የእጅ ሥራ በሰው አገር ቁጭ ብለው ተማሩ።

ፍሬውን ማየት የሚፈልግ አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ይግባ። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥዕላቸው የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል።

ከእናንተም ብዙዎች ባሕር ማዶ ታስባላችሁ። ሂዱ ወይም ቅሩ አልላችሁም። ግን እናታችሁ የምትሰፋውን ሌማት ጥለት፣ አያታችሁ የሚያወጉትን ታሪክ ታውቁታላችሁ? ካላወቃችሁ ዛሬ ማታ ጠይቁ፤ እነርሱን የሚያስቀምጥ ቤተ መጻሕፍት የትም የለም።