የቀደምት ሴት አብራሪዎች ፎቶግራፍና የጣርማ በር መንገድ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ ደጋው ድንገት ያልቅበታል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርዳም አገር ወደ ደብረ ሲናና ወደ ይፋት ቆላ የሚያወርደው ገደል ከፊቱ ይገጥመዋል። ጉም የወረደ ዕለትማ የፊት ለፊት ሰው እንኳ አይታይም። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስሮ ያስቆፈረውን ዋሻ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ በሙሶሎኒ ስም ይጠራዋል። ለመሆኑ ይህ በር ከአይሮፕላን፥ ያውም ከሴት አብራሪ ጋር ምን አገናኘው? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አይሮፕላን የተቀበለችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ፥ ፖቴዝ 25 የተባለችውን አይሮፕላን ከጅቡቲ አብርሮ አመጣት። በዓመቱ ግድም፥ እ.ኤ.አ. በ1930፥ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። እነዚህ ሁለቱ በታሪክ መጻሕፍት ቦታ አላቸው። ከቀደምት ሴት አብራሪዎች ደግሞ ወይዘሮ ሙሉመቤት እምሩና ወይዘሮ አሰገደች አሰፋ ስማቸው ይነሳል። ሙሉመቤት ከማይጨው በፊት በረራ ከተማሩት ወገን ናቸው። ታዲያ እኛ እነዚህን ሴቶች የምናውቃቸው በምንድን ነው? በፎቶግራፍና ከሥሩ በተጻፈች አንዲት መስመር ነው፤ እሷም መስመር «የመጀመሪያዋ» ብላ ትጀምርና እዚያው ታቆማለች።

ፎቶግራፍ የማይዋሽ ምስክር ነው ይባላል። ነገር ግን ምስክር የሚናገረው ሲጠየቅ ነው። ቤሲ ኮልማን የምትባለውን ጥቁር አሜሪካዊት እንመልከት። ቤሲ በቴክሳስ ከድሃ ገበሬዎች ተወልዳ በቺካጎ ከተማ የሰው ጥፍር እያሳመረች ትኖር ነበር። የአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶች ጥቁርም ሴትም በመሆኗ አንቀበልም ሲሏት ፈረንሳይኛ ተምራ ባሕር ተሻገረች፤ ፈቃዷንም እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1921 ከፈረንሳይ ይዛ ተመለሰች። ፈቃዱ ላይ የተወለደችበት ዓመት 1896 ተብሎ ተጽፏል፤ የተወለደችው ግን በ1892 ነው። እንግዲህ ፎቶግራፍ የተለጠፈበትና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እንኳ እንዲህ ከሆነ፥ ሥዕሉን ብቻ አይቶ «ታሪክ አወቅሁ» ማለት አይቻልም። ከቤሲ በፊት፥ እ.ኤ.አ. በ1910፥ ሬይሞንድ ደ ላሮሽ የምትባል ፈረንሳዊት በዓለም የመጀመሪያውን የሴት አብራሪ ፈቃድ አግኝታ ነበር። የቤሲ ፎቶግራፍ ከላሮሽ ፎቶግራፍ አጠገብ ሲቀመጥ ሁለቱም የአብራሪ ልብስ የለበሱ ሴቶች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን የዘርና የኑሮ ገደል ግን ካሜራው አላነሳውም።

የቤሲ ነገር ከእኛ ጋር ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1926 በበረራ አደጋ ከሞተች በኋላ በቺካጎ ያሉ ጥቁሮች ፈለጓን ተከተሉ። ከእነሱ መካከል ጆን ሮቢንሰንና ኮርኔሊየስ ኮፊ በማስተማር ይታወቃሉ። ከተማሪዎቻቸው አንዷ ጃኔት ሃርመን የተባለች ነርስ ነበረች። ማኅበሩ የሚለማመድበትን የመጀመሪያ አይሮፕላን በ600 ዶላር የገዛችው እሷ ናት። ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ትንሿን አየር ኃይላችንንም በጦርነቱ ወቅት መራ። የሮቢንሰን ስም በሚነሳበት ቦታ ሁሉ የዚያች ነርስ ደመወዝ አብሮ መነሳት ነበረበት፤ ግን አይነሳም።

አሁን ወደ ጣርማ በር እንመለስ። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የነበሯት አይሮፕላኖች ወደ 12 የሚጠጉ፥ አብዛኞቹም የጦር መሣሪያ የሌላቸው ነበሩ፤ ጣሊያን ግን በመቶ የሚቆጠሩ አሰልፋለች። ኅዳር 26 ቀን ደሴ በቦምብ ተደበደበች። ማይጨው ከተፈታ በኋላ የማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊት ከ1,700 በላይ መኪና አስከትሎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተሰብሮ ጠበቀው። ያ ሁሉ ሞተር ከአንድ ቀን በላይ ተገትሮ ቆመ፤ ከላይ የሚያንዣብበው አይሮፕላንም አላሻገረውም። በመጨረሻ መንገዱን ጠግነው አለፉ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ወራሪው ፎቶ አንሺና ሲኒማ ቀራጭ ይዞ ነበር የሚጓዘው። ስለዚህ የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ሲባል ዓለም ያየው በብዛት የጣሊያንን ነው፤ የእሱ መኪና፥ የእሱ አይሮፕላን፥ የእሱ ድል። አንዲት ኢትዮጵያዊት ከአይሮፕላን ጋር የታየችበት ሥዕል ዋጋው እዚህ ላይ ነው። «ሥልጣኔ ይዤላቸው መጣሁ» ለሚለው ወራሪ ያለ ንግግር መልስ ይሰጣል፤ እሱ ሳይመጣ በፊት ተጀምሮ ነበር፤ ያቋረጠውም እሱ ነው።

ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ «ጣሊያን ባይመጣ ኖሮ» ብለን ነገሩን እንዘጋዋለን። ጣሊያን እኮ በ1933 ወጣ! የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1945 ተቋቋመ፤ በ1946 ወደ ካይሮ መብረር ጀመረ። አየር ኃይሉም በስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን መሪነት ቢሾፍቱ ላይ እንደ ገና ተደራጀ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የአየር መንገዱ የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ግን በአዛዥነት ወንበር የተቀመጡት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2010 ነው። በሁለቱ መካከል 53 ዓመት አለ። ይህን 53 ዓመት በባዶሊዮ ማሳበብ አይቻልም።

በዚያ ረጅም ዘመን ሴት ከአየር መንገዱ ፎቶግራፍ ጠፍታ ነበር ማለት አይደለም። ነበረች፤ በማስታወቂያው ላይ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ ፈገግ ብላ መንገደኛ ስትቀበል እናያታለን። የአስተናጋጅነት ሥራ ክቡር ሥራ ነው፤ የሚያሳዝነው ከዚያ ወንበር ወደ መሪው ክፍል የሚወስደው በር ሳይከፈት መቆየቱ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታያል፦ አንዲት ሴት በረራ መማሯ አንድ ነገር ነው፤ በሙያው ተቀጥራ፥ ደመወዝ ተቆርጦላት፥ ማዕረግ አግኝታ፥ ተከታይ ማፍራቷ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ሰው ድፍረትና በቤተ ሰብ አቅም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን የትምህርት ቤትን በር፥ የመሥሪያ ቤትን ደንብና የኅብረተ ሰብን አመለካከት ይጠይቃል። ጣርማ በርን ውኃና እንጨት ተሸክማ ስትወጣና ስትወርድ የኖረችው የገበሬ ልጅማ አይሮፕላንን የምታውቀው ከላይ ሲያልፍ በድምፁ ነበር።

ኅዳር 2008 ዓ.ም. ላይ ካፒቴን አምሳለ የመሩት በሴቶች ብቻ የተካሄደ በረራ ከአዲስ አበባ ባንኮክ ገባ። ከመሪው ክፍል እስከ ምድር አገልግሎቱ ድረስ ሴቶች ነበሩበት። የዚያ ቀን ፎቶግራፎች ከሙሉመቤት ዘመን ሥዕል የሚለዩት በቀለማቸው ብቻ አይደለም። የድሮው ሥዕል አንዲትን ሴት ለብቻዋ ያሳያል፤ የ2008ቱ ግን ብዙ ሴቶችን በሥራ ላይ ያሳያል። እኔ ከ«የመጀመሪያዋ» ይልቅ ይህን «ብዙ» የሚለውን እመርጣለሁ። ብቸኛዋን ማድነቅ ቀላል ነው፤ ከባዱ ጥያቄ ለምን ብቸኛ ሆነች የሚለው ነው።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪዎች የሆንን ሁሉ አንድ ሥራ አለብን። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ስም የሌላቸው ፎቶግራፎች ተቀምጠዋል፤ የሚያውቋቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ደግሞ በየዓመቱ እያለፉብን ነው። ለዕረፍት ወደ ደብረ ሲና፥ ወደ አንኮበር፥ ወደ መንዝ የሚሄድ ተማሪ «ይቺ ማን ናት? መቼ ተነሳች? ምን ትሠራ ነበር? በኋላስ ምን ሆነች?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በእርሳስ ከሥዕሉ ጀርባ ይጻፍበት። ብዕር ወረቀቱን ይበላዋል።