ከጥራጊ ኮረብታ የተገኘ መናፈሻ
የካይሮው የአል-አዝሀር የአትክልት ቦታ ታሪክ

በግዕዝ መጻሕፍት ምስር ተብላ የምትጠራው የካይሮ ከተማ፥ የእስክንድርያ ፓትርያርክ መንበር ከ11ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ስላለባት ስሟ በኢትዮጵያ ካህናት ዘንድ እንግዳ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ነገር ግን ስለ መንበሩ ሳይሆን፥ በከተማይቱ ምሥራቃዊ ጐን አምስት መቶ ዓመት ያህል ጥራጊ ሲደፋበት ኖሮ በኋላ የሕዝብ መናፈሻ ስለ ሆነው ኮረብታ ነው።

ካይሮን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ969 ዓመት የመሠረቷት የፋጢማ ወገን ኸሊፋዎች ናቸው። ከእነርሱ በኋላ አውሮፓውያን ሳላዲን የሚሉት ሳላሕ አድ-ዲን በምስር ላይ ሠለጠነና፥ ከ1176 ዓመት ጀምሮ ከተማይቱን በድንጋይ ቅጥር ያስከብባት ጀመር። ይሁን እንጂ ዘመን ዘመንን ሲተካ ከተማይቱ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ዓባይ ወንዝ ሰፋች፤ በምሥራቅ በኩል የሚያሰጋ ጠላት አልታይ አለ፤ ቅጥሩም ጠባቂ አጣ። በዚያን ጊዜ የፈረሰ ቤት አፈርና ድንጋይ፥ የሸክላ ስባሪና የቤት ጥራጊ እየተጋዘ ከቅጥሩ ውጭ ይደፋ ጀመር። ልጅ አባቱ በደፋበት ላይ ሲደፋ፥ የልጅ ልጅም እንዲሁ ሲያደርግ፥ ጥራጊው የደራሳ ኮረብታ ሆነ። ንጉሥ ያሠራው ቅጥር በባለጋራ ሳይደፈር፥ በገዛ ከተማው ጕድፍ እስከ ጫፉ ድረስ ተቀበረ።

በ1984 ዓመት ስለ ካይሮ መስፋትና ስለ ሕዝቧ መብዛት የሚመክር ጉባኤ በዚያው በካይሮ ተደረገ። በዚያን ጊዜ የኢስማኢሊ ሙስሊሞች መሪ የነበሩት አራተኛው አጋ ኻን የዘር ሐረጋቸውን ከፋጢማ ኸሊፋዎች የሚቈጥሩ ነበሩና፥ አያቶቻቸው ለመሠረቷት ከተማ የአትክልት ቦታ እንደሚሰጡ በዚያ ጊዜ አስታወቁ። በከተማይቱ የነበረው የአረንጓዴ ሥፍራ ለነዋሪው ቢከፋፈል ለአንድ ሰው የሚደርሰው የአንድ እግር አሻራ ያህል ነው ይባል ነበርና፥ ስጦታው ያለ ነገር አልታሰበም። የተመረጠውም ሥፍራ 30 ሄክታር የሚሆነው ይህ የጥራጊ ኮረብታ ነበረ።

ተስፋውን መስጠት የአንድ ቀን ነገር ሲሆን፥ ፍጻሜው ግን ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። አስቀድሞ የከተማይቱ የውኃ መሥሪያ ቤት በዚያው መሬት ላይ ለሕዝብ መጠጥ የሚሆኑ ሦስት ታላላቅ የውኃ ማከማቻዎች መሥራት ነበረበት፤ የእያንዳንዱም ስፋት ከዳር እስከ ዳር 80 ሜትር፥ ጥልቀቱም 14 ሜትር ነው። የአትክልቱ ሥራ ይህ እስኪፈጸም መጠበቅና፥ ማከማቻዎቹንም ከበታቹ ይዞ መታቀድ ግድ ሆነበት። ከዚያም የአፈሩ ነገር መጣ። የብዙ መቶ ዓመት ፍርስራሽ እጅግ ጨው የበዛበት ስለ ሆነ፥ የተተከለበትን ሥር ያደርቃል እንጂ አያበቅልም፤ ደግሞም ልልና ያልተስተካከለ በመሆኑ የሚሠራበትን ሁሉ ሊያሰምጥ ይችላል። ስለዚህ ከፊሉ ተዝቆ ወጣ፤ ከፊሉም ከአሸዋና ከመልካም አፈር ጋር ተደባልቆ፥ ውፍረቱ ከግማሽ ሜትር እስከ 2 ሜትር ሆኖ በኮረብታው ላይ ተነጠፈ። በጠቅላላው የተንቀሳቀሰው ፍርስራሽና አፈር 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ፥ በከባድ መኪና ሲቈጠር ከ80,000 ጭነት በላይ ነው። ችግኙም የጨውንና የፀሐይን ጠባይ የሚችለው እየተፈተነ ለብቻው በተሰናዳ ቦታ ይፈላ ነበር።

አፈሩ በምዕራብ በኩል ሲዛቅ ታላቅ ነገር ተገኘ። በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 15 ሜትር ሲቈፈር፥ የሳላሕ አድ-ዲን ቅጥር አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ከነግንቡና ከነበሩ ብቅ አለ። ያን ሁሉ ዘመን ከነፋስና ከድንጋይ ሌባ የጠበቀው ያው የተናቀ ጥራጊ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ከቅጥሩ ወዲያ ደርብ አል-አሕመር የሚባል የድኾችና የእጅ ሠራተኞች ሰፈር አለ። ቤቶቹም ቅጥሩን ተደግፈው የተሠሩ ስለ ነበሩ፥ ለቅጥሩ ውበት ሲባል ይነሡ የሚል ሐሳብ ከቀድሞ ጀምሮ ነበር። ይህ ቢደረግ ኖሮ ለከተማው ሕዝብ የታሰበው መናፈሻ የቅርብ ጐረቤቱን ያፈናቅል ነበር። ነገር ግን የሥራው መሪዎች ሌላ መንገድ መረጡ፤ ቤቶቹ በያሉበት ይታደሱ ጀመር፤ የሰፈሩም ሰዎች ድንጋይ መጥረብንና አናጢነትን እየተማሩ፥ ቅጥሩንና የቀድሞ ዘመን መስጊዶችን በገዛ እጃቸው አደሱ። ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው፥ ምናልባት፥ ይህ ነው።

መናፈሻው በ2005 ዓመት ተመርቆ ተከፈተ፤ የወጣበትም ገንዘብ ከ30 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበረ። ለጥበቃውና ለውኃው ወጪ እንዲሆን ሲባል የሚገባ ሁሉ በበሩ ላይ ይከፍላል፤ ክፍያው ጥቂት ቢሆንም ቅሉ ብዙ ልጆች ላሉት ድኻ ቀላል አይደለምና፥ ይህ ነገር ነቀፌታ አላጣውም። የገባ ሰው በዘንባባ በተሰለፈው ሰፊ ጐዳና ሲሄድ፥ በደቡብ በኩል የሳላሕ አድ-ዲንን አምባ፥ በምዕራብ የአሮጌይቱን ካይሮ መናሮች ያያል፤ ከእግሩ በታችም ለከተማይቱ የሚሆነው ውኃ በሦስቱ ማከማቻዎች ተኝቷል።